ከቤታችሁ የመጀመሪያው የኮሌጅ ተማሪ ከሆናችሁ፦ አሜሪካ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመግባትና ወጪውን ለመቻል

አሜሪካ ስመጣ 19 ዓመቴ ነበር። እናቴ እስከ 4ኛ ክፍል ተምራለች። አባቴ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። ሁለቱም ጠዋት ማታ «ተማር» ይሉኛል። ኮሌጅ እንዴት እንደሚገባ፣ ማን እንደሚጠየቅ፣ ስንት እንደሚያስከፍል ግን ሊነግሩኝ አይችሉም። ከየት አምጥተው?

የመጀመሪያውን ሴሚስተር አባቴ ዕቁብ ደርሶት ከዚያ ላይ ከፈለልኝ። ዓመት ቆይቼ ነው ያንን ገንዘብ መንግሥት ሊሸፍንልኝ ይችል እንደነበር ያወቅሁት። የጎደለኝ ፋፍሳ የሚባል አንድ የእርዳታ ማመልከቻ ፎርም ነው። እንደዚህ ያለ ፎርም መኖሩን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያ ዕቁብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ በየዓመቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆችና ወላጆች ጋር ፎርም ለመሙላት እቀመጣለሁ። እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ። አቅም አጥቶ ከኮሌጅ የቀረ ልጅ አለ። ከእሱ የሚበዛው ግን ቀን ያለፈበት፣ ስሙ አልገጥም ያለው ወይም ኢሜይሉን ሳይከፍት የቀረው ነው። ከዚህ በታች ያለው በቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። ከተቻለ በዚሁ ቅደም ተከተል ሂዱበት።

1. መጀመሪያ ቤት ውስጥ ተነጋገሩ

ብዙ ወላጅ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። ልጁ ዝቅ ያለ ቦታ የገባ ይመስለዋል። ይህን ሳትፈቱ ወደ ፎርሙ አትሂዱ፤ ምክንያቱም ለፎርሙ የወላጅ ፊርማና የታክስ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

እንዲህ ብላችሁ አስረዷቸው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ 60 ክሬዲት (ኮርስ የሚለካበት መስፈሪያ) ገደማ ተምራችሁ አሶሼት የሚባለውን የሁለት ዓመት ዲግሪ ትይዛላችሁ። ከፈለጋችሁ ያንን ይዛችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትሸጋገራላችሁ። የመጨረሻውን ዲግሪ የሚሰጠው የጨረሳችሁበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲፕሎማው ላይ የሚጻፈውም የእሱ ስም ነው።

ሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ጥሩ ምሳሌ አለ። ኖቫ እያልን የምንጠራው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር «አድቫንስ» የሚባል ፕሮግራም አለው። ተማሪው ኖቫ ጀምሮ ሜሰን እንዲጨርስ መንገዱ ከመጀመሪያው ተቀይሶለታል።

ከዚያ ቁጥሩን አሳዩአቸው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን በአካባቢው ነዋሪ ለሆነ ተማሪ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የዓመት ክፍያ በአገር አቀፍ አማካይ 4,050 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት በገዛ ስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አማካይ ክፍያው 11,610 ዶላር ነው። ልዩነቱን በሁለት ዓመት አባዙት። እኔ ለአባቴ ይህን ወረቀት ላይ ስጽፍለት ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ።

2. ስማችሁን አስተካክሉ

ይህ እንደ ቀላል ነገር ይታያል። እኛን ግን እንደ ስም የሚጥለን ነገር የለም።

የእኛ «የቤተሰብ ስም» የአባት ስም ነው። እዚህ አገር የአባት፣ የልጅና የእናት መጨረሻ ስም አንድ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የእኛ ሦስቱም ይለያያል። አንዳንድ ፓስፖርት ላይ የአባትና የአያት ስም አንድ ላይ እንደ መጨረሻ ስም ተጽፎ ይመጣል። ግሪን ካርዱ ያንን ይከተላል። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዱ ላይ ደግሞ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ከኢትዮጵያ የመጣው ትራንስክሪፕት በሌላ ፊደል አጻጻፍ ነው።

ፎርሙ ስምና የትውልድ ቀናችሁን ከሶሻል ሴኪዩሪቲ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። አንድ ፊደል ከተለየ ይመልሳችኋል። ስለዚህ ካርዱን ፊት ለፊት አስቀምጡና ልክ እንደተጻፈው ጻፉ። ካርዱ ራሱ ስህተት ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ቢሮ ሄዳችሁ አስተካክሉ። የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲገለበጥ የተሳሳተ ቀን ብዙ አይቻለሁ። ትክክለኛውን ቀን እናታችሁ ብታውቀውም ፎርሙ የሚፈልገው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው።

በአንድ ፎልደር ሰብስቡ፦ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድ፣ ግሪን ካርድ ወይም የስደተኝነት ማረጋገጫ፣ የወላጆች የታክስ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሃይስኩል ትራንስክሪፕት። ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉ።

3. ፋፍሳን ሙሉ

ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ነው። በእንግሊዝኛ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል «ነፃ» የሚለውን ቃል ይወክላል። በእርግጥም ነፃ ነው። ለመሙላት ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አትክፈሉ። የሚሞላው ስቱደንትኤይድ ነጥብ ጎቭ በሚለው የመንግሥት ዌብሳይት ላይ ነው።

በመደበኛው ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ይህ በእኛ አብዛኛውን ዓመት መስከረም 21፣ ግሸን ማርያም ናት። እናቴ አሁን ለሰው ሁሉ ቀኑን የምታስታውሰው በዚህ ነው። የፌዴራሉ የመጨረሻ ቀን ሩቅ ቢሆንም ስቴቶችና ኮሌጆች የራሳቸው ቀን አላቸው፤ ሜሪላንድ ለምሳሌ ለስቴቱ እርዳታ ማርች 1ን ትጠቀማለች። የአንዳንዱ እርዳታ በጀት ቶሎ ስለሚያልቅ በኦክቶበር የሞላና በጁላይ የሞላ እኩል አያገኙም።

ማን መሙላት ይችላል? ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኝነቱ የጸደቀለት እና አሳይለም (ጥገኝነት) ያገኘ ሰው ይችላል። በዲቪ የመጣ ሰው ለፌዴራሉ እርዳታ ዓመት መጠበቅ የለበትም። ይህን የማያውቅ ብዙ ነው፤ «ገና አዲስ ነኝ» ብሎ ዓመት ያባክናል። የአሳይለም ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ወይም ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው ሰው የፌዴራሉን አያገኝም። እንደ ሜሪላንድ፣ ዋሽንግተን፣ ካሊፎርኒያና ሚኒሶታ ያሉ ስቴቶች ግን ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ነዋሪዎች የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። ኮሌጁን በዚያ በኩል ጠይቁ። የወላጅ ወረቀት አለመኖር የልጁን መብት አይነካም፤ ልጁ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ ይበቃል። ቤት ውስጥ ወረቀት የሌለው ሰው ካለ ግን መረጃውን ከማስገባታችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌለው ብቻ ነው። በውጭ አገር የተገኘ ዲግሪም ይቆጠራል። «እዚህ ማን ያውቃል» ብሎ መደበቅ አለ፤ አታድርጉት። በኋላ ሲደረስበት ገንዘቡ ይመለሳል፣ ጣጣውም ብዙ ነው።

አሁን ወደ መሙላቱ። ተማሪው የራሱን አካውንት ይከፍታል፤ ወላጅም የራሱን ይከፍታል። ሁለቱ በአንድ ኢሜይል አይሆንም። ሶሻል ሴኪዩሪቲ የሌለው ወላጅም አካውንት መክፈት ይችላል። ወላጆች አብረው የታክስ ወረቀት ካስገቡ አንዳቸው ይበቃሉ። ከተፋቱና ለየብቻ የሚኖሩ ከሆነ ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ ወጪ ያደረገው ወላጅ ነው የሚሞላው። ሁሉም የታክስ መረጃው ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይ አር ኤስ በቀጥታ እንዲመጣ መስማማት አለባቸው። ወላጅ «ገቢዬን ማን ያያል» ብሎ እምቢ ካለ ልጁ የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። ይህን ቁጭ ብላችሁ በትዕግሥት አስረዱ።

የሚታየው ገቢ የሁለት ዓመት በፊቱ ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የ2024 ታክስ ማለት ነው። አባታችሁ ያኔ ሁለት ሥራ ይሠራ ከነበረና አሁን አንዱ ከቆመበት ፎርሙ ይህን አያውቅም። ኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ሄዳችሁ «ገቢያችን ቀንሷል፤ እንደገና ይታይልን» በሉ። ሥልጣኑ አላቸው። ሳትጠይቁ ግን ማንም አያደርግላችሁም። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ደግሞ የዚያን ዓመት ገቢ ያገኘው በብር ነው። ፎርሙን በሚሞላበት ሰሞን ባለው ምንዛሪ ወደ ዶላር ይለወጣል።

አጎት ወይም አክስት ጋ ለሚኖሩ ልጆች ይህን አስምሬ እጽፋለሁ። የሚያሳድጋችሁ አጎታችሁ ቢሆንም በዚህ ፎርም «ወላጅ» አይደለም። በሕግ ካላሳደጋችሁ፣ ማለትም በማደጎ ካልወሰዳችሁ፣ የእሱ ገቢ አይገባም። ቸሩ አጎት «እኔ አለሁለት» ብሎ የራሱን ደመወዝ ያስገባና ልጁ ግራንቱን ያጣል። የሚፈለገው ኢትዮጵያ ያሉት ወላጆች መረጃ ነው። ፍርድ ቤት የሕግ ሞግዚትነት ከሰጠው ልጁ ራሱን የቻለ ተማሪ ተብሎ ይቆጠራል፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። 24 ዓመት የሞላው፣ ያገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ ያለው፣ ወይም ሁለቱም ወላጆቹ የሞቱበት ተማሪም እንዲሁ ነው።

ወላጆቻችሁን በጦርነት ወይም በስደት ምክንያት ማግኘት ካልቻላችሁ ፎርሙ ላይ «ልዩ ሁኔታ አለኝ» የሚል ጥያቄ አለ። እሱን ምረጡና ኮሌጁ የሚጠይቃችሁን ማስረጃ አቅርቡ። የቄስ፣ የኢማም፣ የማኅበራዊ ሠራተኛ ወይም የመምህር ደብዳቤ ይረዳል። ይህን በር ማንኳኳት የሚያፍር ልጅ አለ። ሕጉ ውስጥ ከወላጆቻቸው የተለዩ ስደተኞች በግልጽ ተጠቅሰዋል። የተጻፈው ለእናንተ ነው።

4. ምን ያህል ይደርሳችኋል?

የፔል ግራንት ከፍተኛው መጠን በ2025–26 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነው። አይመለስም፤ ብድር አይደለም። ከላይ ካለው የ4,050 ዶላር አማካይ ክፍያ ጋር አስተያዩት። ሙሉ ፔል ያገኘ ተማሪ ክፍያው ተሸፍኖ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት የሚተርፈው አለው።

ሙሉውን ለማግኘት በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መውሰድ ያስፈልጋል። 9 ክሬዲት የወሰደ 75 በመቶውን፣ 6 ክሬዲት የወሰደ ግማሹን ያገኛል። በሰመር ሴሚስተርም መጠቀም ይቻላል። በሕይወት ዘመን የሚፈቀደው 12 የሙሉ ጊዜ ሴሚስተር ያህል ነው። ይህ ገደብ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሸጋገሩም ይከተላችኋል፤ ሳያስቡ የባከነ ሴሚስተር በኋላ ይቆጫል።

ከፔል በላይ የስቴት እርዳታ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ «ጂ ስሪ» የሚባለው ፕሮግራም በጤና፣ በአይቲና በሙያ ዘርፎች ለሚማሩ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆኑ ነዋሪዎች የቀረውን ክፍያ ይሸፍናል። ሚኒሶታ ውስጥ በ2024 የተጀመረው ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ80,000 ዶላር በታች ለሆነ ተማሪዎች ነው። ሲያትል የሕዝብ ሃይስኩል ለጨረሱ ልጆች ሲያትል ፕሮሚስ አለ። ካሊፎርኒያ በአንድ ክሬዲት 46 ዶላር ታስከፍላለች፤ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ነዋሪ ይህም ይቀርለታል። ሁሉም ማለት ይቻላል ፋፍሳን ወይም የስቴቱን ፎርም መሙላትን ይጠይቃሉ።

5. ነዋሪነታችሁን አረጋግጡ

ኮሌጆች የሚያስከፍሉት እንደምትኖሩበት ቦታ ነው። ከስቴት ውጪ የሚኖር ተማሪ እጥፍ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ይከፍላል። ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲውም ይታያል። ዲሲ እየኖራችሁ ሞንጎመሪ ኮሌጅ ብትመዘገቡ ከስቴት ውጪ ናችሁ፤ ኮሌጁ በባቡር ቅርብ መሆኑ አይረዳችሁም። ቨርጂኒያ በመደበኛው አንድ ዓመት የኖረ ሰው ትፈልጋለች።

ስለዚህ እንደመጣችሁ ወዲያው በስማችሁ ወረቀት ይኑራችሁ። መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ አውጡ። የኪራይ ውሉ ላይ ስማችሁ እንዲገባ ጠይቁ። የባንክ ደብዳቤ በዚያ አድራሻ ይምጣ። ዘመድ ቤት በነፃ የሚኖር ሰው ኮሌጁ የሚቀበለውን የአስተናጋጅ ደብዳቤ ያጽፍ። ሂሳቡ ከስቴት ውጪ ተብሎ ከመጣ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ፤ ማስረጃ ይዛችሁ ሂዱና አስቀይሩ።

6. ከኢትዮጵያ የመጣ ትምህርትና እንግሊዝኛ

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሩ ክፍት ነው። አብዛኛው 18 ዓመት የሞላውን ሁሉ ይቀበላል። ፌዴራል እርዳታ ለማግኘት ግን 12ኛ ክፍል የጨረሳችሁበት ማስረጃ ወይም እሱን የሚተካው ጂኢዲ ያስፈልጋል። ጂኢዲ አራት ፈተና ነው፦ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት።

ከአገር ቤት የመጣውን ወረቀት የሚገመግሙ ድርጅቶች አሉ፤ ደብሊው ኢ ኤስ አንዱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጃችሁ የማንን ግምገማ እንደሚቀበል ጠይቁ። አንዳንዶቹ ትራንስክሪፕቱ ከትምህርት ቤቱ በታሸገ ኤንቨሎፕ እንዲመጣ ይፈልጋሉ። ለዚህ አገር ቤት የሚሯሯጥ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ዛሬ ጀምሩ። ገና ኢትዮጵያ ሆናችሁ ቪዛ የምትጠብቁ ከሆነ ሁለት ሦስት የታሸገ ኮፒ አውጥታችሁ ይዛችሁ ኑ። ኤንቨሎፑን እንዳትከፍቱት።

ከዚያ የምደባ ፈተና አለ። «ዝም ብለህ ተፈተን፣ አይወድቁበትም» ይሏችኋል። እውነት ነው፣ አይወድቁበትም። ግን ዝቅ ብላችሁ ከተመደባችሁ ለዲግሪው የማይቆጠር ኮርስ ትወስዳላችሁ፤ ለእሱም ገንዘብና ጊዜ ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሒሳብ ከልሳችሁ ግቡ። እዚህ አገር ሃይስኩል የጨረሰ ልጅ ደግሞ በውጤቱ ብቻ ያለ ፈተና ሊመደብ ይችላል። ጠይቁ።

እንግሊዝኛችሁ ገና ከሆነ አትፈሩ፤ ግን ፔላችሁን አትጨርሱበት። ካውንቲዎችና ቤተ መጻሕፍት ነፃ ወይም በጣም ርካሽ የሆነ የአዋቂዎች እንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣሉ። እዚያ ስድስት ወር ተምሮ ኮሌጅ የገባ ሰው ሁለት ሦስት ደረጃ ሲዘል አይቻለሁ።

ገና ሃይስኩል ውስጥ ያላችሁ ልጆች ካውንስለራችሁን ዛሬ ስለ ዱዋል ኢንሮልመንት ጠይቁ። ሃይስኩል ሆናችሁ የኮሌጅ ክሬዲት መውሰድ ማለት ነው። ብዙ ቦታ ቤተሰቡ አይከፍልበትም።

7. የምትማሩትን ምረጡ፤ አድቫይዘር አግኙ

እኛ ቤት ምርጫው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ነርሲንግ። ጥሩ ሙያ ነው። ግን ኮሌጅ መግባትና ነርሲንግ ፕሮግራም መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለፕሮግራሙ አናቶሚ፣ ማይክሮባዮሎጂና ሌሎች ቅድመ ኮርሶችን በጥሩ ውጤት ጨርሳችሁ፣ ብዙ ቦታም የመግቢያ ፈተና ወስዳችሁ ትወዳደራላችሁ። ቦታው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሳይንሱን ከሥራ ጋር አታጨናንቁት። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ከባድ የሳይንስ ኮርስ ወስዶ ማታ ማታ ኡበር መንዳት የብዙ ጎበዝ ልጆችን ውጤት አበላሽቷል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሸጋገር የምታስቡ ደግሞ የምትሄዱበትን ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ በሁለተኛው ሴሚስተር እወቁ። ሁሉም ክሬዲት ሁሉም ቦታ አይቆጠርም። አድቫይዘራችሁን (ኮርስ ስትመርጡ የሚያማክራችሁን የኮሌጁን ሠራተኛ) እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ይህ ኮርስ እዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚያ የትምህርት ክፍል ይቆጠርልኛል?» «ክሬዲቱ ይሸጋገራል» የሚል መልስ አይበቃም፤ ተሸጋግሮ ለዲግሪያችሁ ላይቆጠር ይችላል። መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

ትሪኦ የሚባል የፌዴራል ድጋፍ ፕሮግራም ብዙ ኮሌጆች ውስጥ አለ። ወላጆቹ የአራት ዓመት ዲግሪ ለሌላቸው ተማሪ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላለውና አካል ጉዳት ላለበት የተቋቋመ ነው። የራሱ አድቫይዘርና ቱተር አለው። ቦታው ውስን ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ተመዝገቡ። እኔ ያገኘሁት በሦስተኛው ሴሚስተር ነው፤ ያን ጊዜ «ኦፊስ አወር» ማለት መምህሩ ተማሪ መጥቶ እንዲጠይቀው የሚጠብቅበት ሰዓት መሆኑን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። እኔ መምህሩ የግል ሥራውን የሚሠራበት ሰዓት ይመስለኝ ነበር። እንዳልረብሸው ብዬ ከበሩ እመለስ ነበር።

8. ሂሳቡ ሲመጣ

የክፍያ ቀን አለ። እርዳታችሁ እስከዚያ ካልጸደቀና ካልከፈላችሁ ብዙ ኮሌጅ ከክላሳችሁ ያስወጣችኋል። ፋፍሳ ከሞላችሁ በኋላ ኮሌጁ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው የሚመጣው በተማሪ ኢሜይላችሁ ነው፤ በጂሜይላችሁ አይመጣም። እኔም አንድ ዓመት እንደዚያ ያለ ኢሜይል ሦስት ሳምንት ሳልከፍተው ቀርቼ ክላሶቼን ተነጥቄያለሁ። የኮሌጁን ኢሜይል ስልካችሁ ላይ ጫኑት።

ገንዘቡ ካልበቃ ለክፍያ ክፍልፍል ጠይቁ። ሂሳቡን በአራት በአምስት ወር ከፋፍለው ይቀበላሉ፤ ትንሽ የመመዝገቢያ ክፍያ ብቻ አለው።

መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ላይብረሪ ሂዱ። ብዙ ኮርስ መጽሐፉ ላይብረሪ ውስጥ ለሰዓታት ይዋሳል። ኮርስ ስትመርጡ ነፃ መጽሐፍ የሚጠቀሙትን ክፍሎች ለይታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የቀድሞው እትም ይበቃ እንደሆነ መምህሩን ጠይቁ።

ከፔል የተረፈው ገንዘብ ሴሚስተሩ ከተጀመረ ሳምንታት በኋላ ወደ እናንተ ይመጣል። ብዙ ልጅ ይህን ሲያይ ወዲያው ወደ አገር ቤት ይልካል። የእናት ነገር ነው፤ ይገባኛል። ግን ከሴሚስተሩ 60 በመቶ በፊት ሁሉንም ክላስ ካቋረጣችሁ ከፊሉን መልሱ ትባላላችሁ። እስከዚያ ድረስ የተወሰነውን ያዙት።

ሥራ ካስፈለጋችሁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ወርክ ስተዲ (እየተማሩ የሚሠሩት የእርዳታ ሥራ) እፈልጋለሁ በሉት። ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ፈተና ሲኖር ይረዷችኋል። ገቢውም በእርዳታው ስሌት አይቆጠርባችሁም።

ብድር የመጨረሻው ነው። የፌዴራሉ ብድር ለመጀመሪያ ዓመት፣ ራሱን ቻለ ላልተባለ ተማሪ እስከ 5,500 ዶላር ነው፤ ከዚያ ውስጥ እስከ 3,500 የሚሆነው እየተማራችሁ ወለዱን መንግሥት የሚችልላችሁ ሊሆን ይችላል። የቀረበላችሁን ሁሉ መቀበል ግዴታ አይደለም። በሃይማኖቱ ምክንያት ወለድ የማይነካ ተማሪ ብድሩን ብቻ እምቢ ብሎ ግራንቱን መቀበል ይችላል። ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብሎ ከባንክ የግል ብድር መበደርን ግን በፍጹም አልመክርም።

9. ያገኛችሁትን እርዳታ ጠብቁ

እርዳታው እንዲቀጥል ኮሌጁ ውጤታችሁን ይከታተላል። በብዙ ቦታ መስፈርቱ 2.0 አማካይ ውጤትና ከወሰዳችሁት ክሬዲት 67 በመቶውን መጨረስ ነው። ያቋረጣችሁት ክላስ ውጤታችሁን ባይጎዳም በዚህ 67 በመቶ ላይ ይቆጠራል። ክላስ ከማቋረጣችሁ በፊት ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮን ጠይቁ። ሐዘን ወይም ሕመም ገጥሟችሁ ውጤታችሁ ከወረደ ይግባኝ ማለት ይቻላል። አገር ቤት ወላጅ ሞቶባችሁ ሴሚስተሩ የተበላሸ ከሆነ ማስረጃውን አስመጥታችሁ ይግባኙን ጻፉ።

60 ክሬዲቱን በሁለት ዓመት ለመጨረስ በሴሚስተር 15 ያስፈልጋል፤ 12 እየወሰዱ በአራት ሴሚስተር 48 ብቻ ነው የሚሆነው። ሙሉ ቀን የምትሠሩ ከሆነ ግን 6 ወይም 9 ወስዳችሁ በጥሩ ውጤት ማለፍ ይሻላል። ቀርፋፋ የመሰለው ያ መንገድ አባቴን አስደስቷል፤ እኔ የጨረስኩት በሦስት ዓመት ተኩል ነው።

10. ታክስ ሲሞላ፣ ፋፍሳ ሲታደስ

በጃንዋሪ መጨረሻ ኮሌጁ 1098-ቲ የሚባል ወረቀት ያወጣል። ልጁን በታክስ ላይ የሚያስመዘግበው ወላጅ፣ ወይም ራሱን የቻለው ተማሪ፣ በዚህ ወረቀት አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ የሚባለውን የታክስ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ነው፤ የሚከፈል ታክስ ባይኖርም እስከ 1,000 ዶላር በእጅ ሊመጣ ይችላል። ለአራት ዓመት ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ቢያንስ በግማሽ ጊዜ መማር ያስፈልጋል። ፔል ክፍያውን ሁሉ ከሸፈነ ስሌቱ ይለወጣል፤ ከኪሳችሁ የገዛችሁት መጽሐፍ ግን ሊቆጠር ስለሚችል ደረሰኙን አትጣሉ። ታክስ ሠሪው ሳይጠይቃችሁ እናንተ አንሱበት። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ቪታ የሚባሉት የአይ አር ኤስ በጎ ፈቃደኞች በነፃ ይሠሩላችኋል።

ፋፍሳ በየዓመቱ ይታደሳል። አንዴ የሞላ ሰው ለዘላለም የሞላ የሚመስለው አለ፤ በሁለተኛው ዓመት ባዶ እጁን ይቀራል። ወደ ዩኒቨርሲቲ በምትሸጋገሩበት ዓመት ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስም ፎርሙ ላይ ጨምሩ። እስከ 20 ትምህርት ቤት ይይዛል። የትኛው እንደሚቀበላችሁ ገና ሳታውቁም ሁሉንም መጻፍ ትችላላችሁ።